የሽዩ ፓል ገልባጭ ሲታጠብ

በእኛ ሠፈር ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ኮኮናት ይሰበርለታል፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ከዚያ መኪናው ይበላሻል። ይህ ቅደም ተከተል ተዛብቶ አያውቅም።

ከመንገዱ በታች ያለው ጎረቤታችን ራም ሳሚ ትራክተር የገዛ ቀን ሁላችንም ተጠርተን ነበር። ኮኮናቱ ከፊተኛው ጎማ ሥር ተፈረከሰ፣ የአበባ ጉንጉኑ ተንጠለጠለ፣ የጸሎቱ ዕጣን ካምፎሩ ነደደ። እኛም በዘይት የተጠበሰ ቂጣችንን፣ ፑሪውን፣ በዱባ ካሪ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ መርቀን ወጣን። ትራክተሩ ከዚያ ግቢ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተገፍቶ። አሁን ዶሮዎቹ ያድሩበታል። ራም ሳሚ ግን ለሻጩ አንድ ቃል አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ኮኮናት የተሰበረለት መኪና የቤተሰብ አባል ነው። ሰነፍ ልጅ ወለድኩ ብሎ ወደ አዋላጇ የሚመልስ የለም።

እንግዲህ ባለቤቴ ቢሰን ዴዎ «የሽዩ ፓልን ገልባጭ ልንገዛ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ዶሮዎቹ ናቸው።

አትግዛ እንዳልለው ደግሞ ሻንጣው አለ።

ሦስት ወንዶች ልጆች ወልጃለሁ። ትልቁ ፕራኒል ኦክላንድ ነው፤ መካከለኛው ሮኒሽ ብሪዝበን። ፎቶ ይልካሉ። በሁሉም ፎቶ ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ የሰው መኪና ተደግፈው ይስቃሉ። ፊጂ የቀረልኝ የመጨረሻው ልጄ ሻልቪን ነው። ለእሱም ፕራኒል በሰው እጅ ሰማያዊ ሻንጣ ልኮለታል። ጎማ ያለው ሻንጣ ነው፤ ከመግቢያው በር አጠገብ ቆሟል። ቤት ስጠርግ በእግሬ ወደ ጥግ እገፋዋለሁ። ወለላችን ዘመም ያለ ስለሆነ ሻንጣው ተንከባሎ ወደ በሩ ይመለሳል። ልጄ ደግ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። እናቱን ቢያማክር ኖሮ ግን ጎማ የሌለው ይበቃ ነበር።

ሻልቪን ነገሩን ሳይደብቅ ነግሮኛል።

«እማ፣ ገልባጭ ካገኘሁ እቀራለሁ። የባሕር ዳሩ መንገድ ሲሠራ ጠጠር የሚያመላልስ ይፈልጋሉ። ካላገኘሁ አገዳው ተቆርጦ ሲያልቅ እሄዳለሁ። አካፋ ይዤ እዚህ አላረጅም።»

ስለዚህ ያ መኪና ደህና እንዲሆን በሠፈሩ ውስጥ ከእኔ በላይ የተመኘ ሰው አልነበረም። ምናልባት ሽዩ ፓል። እሱ ግን የተመኘው ደህና እንዲመስል ነው።

በዋዜማው ሻልቪን የቡሎን መፍቻዎቹን በጨርቅ እየወለወለ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ወቅት ድንጋይ መፍጫው ጋ ገልባጭ ነድቷል፤ ያውቃል። እኔም ዱባ እየላጥኩ እጠይቀዋለሁ። ስጨነቅ እጠይቃለሁ፤ ስጠይቅ የበለጠ እጨነቃለሁ፤ እንደዚህ ነው የተፈጠርኩት።

«ቶሎ የሚበላሸው የትኛው ነው?»

«ፒቲኦዋ።»

«እሷ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ከካምቢዮው ጎን የተለጠፈች ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። የሞተሩን ጉልበት ተቀብላ ለሃይድሮሊኩ ፓምፕ ትሰጣለች። ፓምፑ ካሶኒውን፣ የጭነት መያዣውን፣ ያነሳል። እሷ ከሌለች ገልባጩ አይገለብጥም።»

«ካልገለበጠስ?»

«በአካፋ ማውረድ ነዋ።» መፍቻውን አስቀመጠ። «ፍሪሲዮን በደንብ ሳይረግጡ ሲያስገቧት ጥርሷ ይበላል። ወይ ትሰነጠቅና ዘይት ታፈሳለች። ተንኮሏ ምን መሰለሽ፣ ካሶኒው ባዶ ሲሆን ምንም አትል። ጭነት ሲኖርና ዘይቱ ሲሞቅ ነው የምትጮኸው።»

«ታዲያ ነገ ከሥሩ ግባና እያት።»

«ሽዩ ፓል ፊት?» ሳቀ። «አባባ እዚያው ይቀብረኛል።»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ የትልቅ ሰው መኪና ሥር፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ አይገባም። ሌባ ነህ ብሎ ፊት ለፊት እንደመናገር ነው። የእኛ ወንዶች መኪና የሚመረምሩት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። አንዱን ጎማ ይረግጣሉ። ካሶኒው ሲነሳ ቀና ብለው ያያሉ፤ ሲወርድ ዝቅ ብለው ያያሉ። ከዚያ አንዱ «አባቱም ጥሩ ሰው ነበር» ይላል። ምርመራው አለቀ። ያ የተባለለት አባት በሕይወቱ መኪና አልነበረውም።

ሽዩ ፓል ደግሞ ትልቅ ሰው ነው። በዕድሜ ከባለቤቴ ብዙም አይበልጥ፤ ግን የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ሲቀመጥም ወንበር ይመጣለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ገልባጩ ግቢያችን ገባ። ሽዩ ፓል የሚያስብ ሰው ነው፤ እኛን ላለማድከም ብሎ ሁሉንም ይዞ መጥቷል። ጉንጉኑን ራሱ አድርጎበታል። ካምፎሩን ራሱ ገዝቷል። ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ የቤተ መቅደሱን ካህን፣ ፓንዲቱን፣ አስቀምጧል፤ ኮኮናቱም በፓንዲቱ ጭን ላይ ነበር። ገዢ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም እኛ ነን።

«ባያ ቢሰን ዴዎ፣ ወንድሜ!» አለ ገና ሳይወርድ። «ፓንዲት ጂ ሰዓቱን አይተውታል። መልካሙ ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ቶሎ እንበል።»

«እስከ እኩለ ቀን» አሉ ፓንዲቱ፣ ወደ ኩሽናዬ እያዩ። ደህና ሰው ናቸው፤ የእሳቸው መልካም ሰዓት ሁልጊዜ ምሳ ሲደርስ ያልቃል።

የእህቴ ባል ሃሪ ኪሰንም ቀደም ብሎ ደርሷል። ማውሳ ነው የምንለው፣ ልጆቹም እኛም። ማውሳ በወጣትነቱ የአገዳ መኪና ነድቷል፤ መኪናው ቦይ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ የመኪና ነገር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ስለ ቦይ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«ማውሳ፣ እንዴት ያዩታል?» አለ ባለቤቴ።

ማውሳ የፊተኛውን ጎማ ረገጠ። የኋለኛውንም ረገጠ፤ ጠንቃቃ ነው። «እንደዚህ ዓይነት ብረት ዛሬ አይሠሩም» አለ።

«አባቱም ጥሩ ሰው ነበር» አለ ራም ሳሚ፣ የዶሮዎቹ ጌታ።

ሽዩ ፓል ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፣ ማንሻውን ጎተተ። ባዶው ካሶኒ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። ወንዶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ካሶኒው ወረደ። ወንዶቹ ሁሉ ዝቅ አሉ።

«እንደ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው!» አለ ማውሳ።

ሻልቪን ብቻ ወደ ላይ አላየም። ጆሮውን ወደ መኪናው ሆድ አዘንብሎ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ትከሻውን በጥቂቱ ከፍ አደረገ። አላወቅሁም ማለቱ ነው።

ፓንዲቱ ከፊት ለፊት ቆመው ካምፎሩን ለኮሱ። ባለቤቴ ኮኮናቱን ተቀብሎ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ከሸሚዙ ኪስ የገንዘቡ ፖስታ ጫፍ ብቅ ብሏል። ሁለቱ በሬዎቻችን የተሸጡበት ገንዘብ ኪስ ውስጥ ሲገባ እንዴት ትንሽ ይሆናል እያልኩ ሳየው፣ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«አልታጠበም!»

ሁሉም ዞሩ።

«ምኑ?» አለ ሽዩ ፓል።

«መኪናው።»

«ባውጂ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳሳጥበው ነው የዋልኩት! ፊትሽን አያሳይሽም?»

«ያጠበው የእርስዎ ቤት እጅ ነው፣ ባያ። የእኛ ቤት እጅ አልነካውም። ወደ ቤት የሚገባን መኪና የቤቱ ሴት ሳታጥበው ኮኮናት ይሰበራል እንዴ? ፓንዲት ጂ፣ ይሰበራል?»

ይህ እንኳ እውነት ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን በአንድ ጣሳ ውኃና በቁንጣሪ እርድ ነው የሚያልፈው። ፓንዲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት። መታጠብ አለበት። ግን ፈጠን ብሎ።»

«የሻልቪን እናት» አለ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«እኔም እየሄድኩ ነው» አልኩና ባልዲና የወለል ብሩሽ ይዤ መጣሁ።

ፊቱን አጠብኩ። መብራቶቹን አጠብኩ። ሽዩ ፓል ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ «ሚስት ማለት እንዲህ ያለች ናት» የሚል ዓይነት ፈገግታ ነው። ከዚያ ቀሚሴን በጉልበቴ መካከል ሰብሰብ አደረግሁ፣ የማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ ባልዲዬን አስቀደምኩና ከመኪናው ሥር ገባሁ።

«ባውጂ!» የሽዩ ፓል እግሮች ወደ እኔ ሮጡ። ከዚያ ሥር የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። «ባውጂ፣ ከሥር አይታጠብም!»

«ለምን? ቤቴ የሚገባው ግማሹ ነው?»

«ትቆሽሻለሽ!»

«እታጠባለኋ። ውኃው እዚህ ነው።»

የማውሳ ጫማ አጠገቡ መጣ። «ሴትዮዋ አብዳለች» አለ ለሽዩ ፓል ጫማ።

እዚያ ሥር ሁሉ ነገር ጥቁር ነበር። ጭቃ፣ ቅባት፣ የደረቀ የአገዳ ቅጠል፣ አንድ የሞተ ጓጉንቸር። በዚህ ሁሉ መካከል ከካምቢዮው ጎን አንዲት ሳጥን እንደ ሙሽራ አጊጣ ተቀምጣለች። ብር ቀለም ተቀብታለች። ከመላው መኪና እሷን ብቻ ነው የኳሏት። ማን እንዳሰበላት እንጃ፤ ሴት ልጅ ያለው ሰው መሆን አለበት።

ብሩሼን በሳሙና ነክሬ ፈተግሁ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከቀለሙ ሥር ግራጫ ማስቲሽ ነበር፤ በጥፍሬ ስቧጭረው ተቆርሶ ወደቀ። ከማስቲሹ ሥር ቀጭን መሥመር ታየኝ። መሥመሯ ላይ ዘይት እንደ ላብ አቸፈቸፈ፣ ተጠራቀመ፣ አንዲት ጠብታ ሆኖ ግንባሬ ላይ ወደቀ።

«ሻልቪን!» ብዬ ጮህኩ። «ውኃ ጨምርልኝ!»

እናት ስትጠራ መግባት ነውር አይደለም። ልጄ ባልዲውን ይዞ በሆዱ ተንሸራቶ መጣ። ጣቴን ጠቆምኩት። በአውራ ጣቱ ዘይቱን ጠረገ፤ ዘይቱ ተመልሶ መጣ።

«ተሰንጥቃለች» አለ በሹክሹክታ።

«በጣም መጥፎ ነው?»

«ስንጥቁ ብቻ ከሆነ ይበየዳል። ዋናው ጥርሷ ነው። ጥርሷን ለማወቅ በጭነት መሞከር አለባት።» ሳጥኗን እያየ፣ «እማ፣ ዝም ብንልስ?» አለኝ።

«ምን?»

«ዝም እንበል። ሞተሩ ጥሩ ነው። እገዛዋለሁ፤ የሆነ ነገር አደርጋታለሁ። ካሁን በኋላ ሌላ ገልባጭ አይገኝም።»

እንግዲህ ልጄ ለመቅረት ፈልጎ ሲለምነኝ ነበር፣ የጓጉንቸር ሬሳ አጠገብ ተኝተን። ለዓመታት የጸለይኩት ይህንን ነው፤ ቦታውን ብቻ አልመረጥኩም። ሳሙናውን መልሼ ስንጥቁ ላይ ብቀባው፣ ወጥቼ «ጸድቷል» ብል፣ ኮኮናቱ ይሰበራል፣ ሻንጣው ጥግ ይሄዳል። ደግሞም እሱን ለማስቀረት ከዚህ የባሰ ውሸት ብዋሽ ደስ ይለኛል።

ግን ታየኝ። ልጄ የራሱ ገልባጭ ላይ ቆሞ፣ ጠጠሩን በአካፋ ሲያወርድ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ጡሩምባ እየነፉበት ሲያልፉ። በሬዎቹ የሉም። ዶሮዎች የእኛንም ካሶኒ ሲመርጡ። ከዚያ ያንን ሰማያዊ ሻንጣ እየጎተተ ሲወጣ፤ ያኔ ደግሞ ተቆጥቶ ነው የሚወጣው። ሳይቆጡ የሄዱት ሁለቱ ልጆቼ ፎቶ ይልካሉ። የተቆጣ ልጅ ምን እንደሚልክ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

«ውጣ» አልኩት።

ፀጉሬ ላይ ጭቃ፣ ግንባሬ ላይ ዘይት ሆኜ ወጣሁ። ተቀብቼ የወጣሁት እኔ ነበርኩ እንጂ መኪናው አልነበረም። ሽዩ ፓል ዓይኔን አይቶ ወዲያው ወደ ኮኮናቱ ዞረ።

«በቃ ታጠበ! ፓንዲት ጂ፣ ይቀጥሉ።»

ስንጥቅ አየሁ ብል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ማውሳ «ስንጥቅ የሌለው ብረት አለ?» ይላል። ባለቤቴ ያፍራል። ሽዩ ፓል ወንበር ይመጣለትና ይቀየማል። ስለዚህ ሌላ ነገር አልኩ።

«ባዶ ሆኖ ነው የተነሳው» አልኩ በሐዘን። «አሁን ነው የታሰበኝ። ከኮኮናቱ በፊት ካሶኒውን ባዶውን አነሳችሁት።»

«ታዲያስ?» አለ ባለቤቴ።

«አባቴ ቤት እንዲህ አይደረግም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሞልቶ ነው የሚነሳው። ባዶ ከተነሳ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው። ሞልቶ ሦስት ጊዜ ይነሳና ነው ኮኮናቱ የሚሰበረው።»

አባቴ የነበረው አንድ በሬ ነው። የሚነሳ ነገር አልነበረውም፤ በሬውም ራሱ ሲተኛ በግድ ነበር የሚነሳው።

ሁሉም ወደ ፓንዲቱ ዞሩ። ፓንዲቱ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ወደቁ። ይህን ነገር ሰምተው አያውቁም፤ እንዴት ይስሙት? ግን አንድ ፓንዲት በሠፈር ሰው ሁሉ ፊት «ይህን አላውቅም» የሚልበት ቀን ገና አልመጣም።

«አለ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «በድሮዎቹ ዘንድ... አለ።»

«እኔ ሰምቼ አላውቅም!» አለ ሽዩ ፓል።

ፓንዲቱ ቀና አሉ። «አንተ ስንቱን ሰምተህ?»

ከግቢያችን ጥግ ለሻልቪን ክፍል መሠረት ያስመጣነው የወንዝ ጠጠር ተከምሯል። አካፋዎቹን ለወንዶቹ አደልኩ። ለበዓሉ የለበሱትን ሸሚዝ እጅጌ እየጠቀለሉ መጫን ጀመሩ። ሽዩ ፓል በየአካፋው ደረቱን ይነካል።

«ይበቃል! ለወጉ ያህል እኮ ነው! ለምልክት!»

«ባዶ ዓመት ነው ወይስ ግማሽ ዓመት የሚፈልጉልን፣ ባያ?» አልኩት።

«ማውሳ፣ እርስዎስ?» አለ ራም ሳሚ እያላበው።

«እኔ ወገቤን ያመኛል። አሰላለፉን እያየሁ ነው።»

ሲሞላ፣ «ሁላችሁም ራቁ!» አልኩ። ካሶኒ ሲነሳ ከአጠገቡ ሰው ቆሞ ማየት አልችልም። ባለቤቴን እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ ፓንዲቱንም ከነካምፎራቸው ማንጎው ዛፍ ሥር ገፋኋቸው። ሽዩ ፓል ጋቢና ገባ። ሰው ወደ ሐኪም ቤት እንደሚገባ ነው የገባው።

የመጀመሪያው ጊዜ ካሶኒው ቀስ ብሎ ወጣ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሻልቪን የኋላ መዝጊያው በደንብ መቆለፉን አየ። ወረደ።

«አያችሁ?» አለ ሽዩ ፓል ራሱን በመስኮት አውጥቶ፤ ላቡን ግን አልጠረገም።

«አንድ» አሉ ፓንዲቱ። አሁን ሥርዓቱ የራሳቸው ሆኗል።

ሁለተኛው ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ማሰሮ በቢላ ሲፋቅ እንደሚሰማው ያለ። ወንዶቹ ተያዩ። ከሥር ዘይቱ መንጠባጠቡን ትቶ መፍሰስ ጀመረ።

«ስለሞቀ ነው» አለ ማውሳ።

«ሲሠራ እኮ መሞቁ አይቀርም፣ ማውሳ» አለ ሻልቪን። በሕይወቱ ለማውሳ መልስ ሲመልስ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ሁለት» አሉ ፓንዲቱ። «አንድ ይቀራል።»

ሦስተኛው ጊዜ ካሶኒው እኩሌታ ላይ ሳይደርስ መኪናው ጮኸ። ሰንሰለት የሚያኝክ አውሬ ቢኖር እንዲያ ነው የሚጮኸው። ጉንጉኑ ተንቀጠቀጠ፣ አበባዎቹ ረገፉ፣ የራም ሳሚ ዶሮዎች ከመንገዱ በታች ተንጫጩ። ከዚያ ካ! አለና ጸጥ። ሞተሩ ይሠራል፤ ካሶኒው ግን ቆሟል። ሽዩ ፓል ማንሻውን ሲመልሰው ካሶኒው በራሱ ክብደት ቁልቁል ተመለሰ። ለመውረድ የማንም ጉልበት አላስፈለገውም።

እኔ ሻልቪንን አየሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት መሄድን ነው፤ ሻንጣውን በየቀኑ ሳይ የማየውም ያንኑ ነበር።

«ትንሽ ድምፅ ናት» አለ ሽዩ ፓል ሲወርድ። «ከሰው ጋር እስክትለምድ ነው። ባያ፣ እንግዲህ ኮኮናቱን...»

ባለቤቴ ኮኮናቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ትሑት ሰው ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲናገር መሬት ያያል። ያኔም መሬት አየ። መሬቱ ላይ ደግሞ የዘይቱ ኩሬ ነበር።

«ኮኮናት ቢቆይ አይበላሽም፣ ባያ» አለ።

ከዚያ ኮኮናቱን ለፓንዲቱ መለሰላቸው። ከዚህ ሰውዬ ጋር ይህን ያህል ዘመን ስኖር እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም።

ሽዩ ፓል ቀላ። «እንዲህ ከሆነ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ! ለምኖ የሚገዛ ሞልቷል!»

«ይሂዱ» አልኩት። «ጠጠራችንን ብቻ ያውርዱልን።»

«ምን?»

«የልጄ ክፍል መሠረት እኮ ነው። ይዘውት ሊሄዱ ነው?»

ሽዩ ፓል ማንሻውን አየ። ማንሻው ከእንግዲህ ምንም እንደማያነሳ እሱም ያውቃል። ወንዶቹን አየ። ወንዶቹ ሁሉ ወገባቸውን አንድ ላይ አመማቸው። ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶ ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጥብጦ ነበር፤ ሁሉም ሄደው ተቀመጡና ጎድጓዳውን ቅል ማቀባበል ያዙ። ፓንዲቱም የሌላ ቤት ጠጠር ጭኖ ከግቢ መውጣት የዚያን ቤት ዕድል ዘርፎ እንደመውጣት ነው አሉ። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ከእኔ ተምረው የራሳቸውን ጨመሩበት።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር በነጭ ሸሚዙ ካሶኒው ላይ ወጣ። አካፋ አቀበልኩት። ሁለት አካፋ ወረወረ። ሦስተኛውን ግማሽ አደረገው። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ወንበር ያመጣለት የለም።

ሻልቪን ከመኪናው ሥር ገብቶ ነበር፤ አሁን ማንም ነውር ነው አላለውም። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።

«ሽዩ ፓል ጂ» አለ ቀና ብሎ። «የተበላችው ሳጥኗ ብቻ ናት። የካምቢዮው ጥርስ ደህና ነው፣ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ሌላ ሳጥን ያምጡ። እኔ እገጥማታለሁ። በጭነት፣ በሙቅ ዘይት እሞክራታለሁ። ካልጮኸች እንገዛዋለን። ከጮኸች ጠጠሩን እኔ አወርድልዎታለሁ።»

«ሳጥኗ የምትገኘው ባሕር ማዶ ሱቫ ነው!»

«መርከብ አለ።»

ሽዩ ፓል በዙሪያው ያለውን ጠጠር ሁሉ አየ። ጠጠር ብዙ ነበር።

«እሺ» አለ። «እሺ። መጀመሪያ ግን የሚጠጣ ነገር ስጡኝ።»

ፑሪው ተጠብሶ ስለነበር ተበላ። ፓንዲቱ ሦስቴ አስጨመሩ፤ መልካሙ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን አልተጨነቁም። ኮኮናቱን ይዘው ሄዱ፤ ባለቤታቸው ፈጭታ ቻትኒ፣ የምግብ ማባያ፣ እንዳደረገችው በኋላ ሰማሁ። ማውሳ ሲወጣ ለራም ሳሚ፣ «እኔ እኮ ገና በር ሲገባ ነው ያወቅሁት። ሰው ላለማሳፈር ብዬ ነው» ሲል ነበር።

ሳጥኗ በመርከብ መጣች። በመካከሉ ባሕሩ ተናወጠ፣ መርከቡ ዘገየ፣ እኔም በየቀኑ ወደ ሻንጣው አየሁ። ሻልቪን ሥራውን ራም ሳሚን ረዳት አድርጎ ጨረሰ። ኮኮናቱ የተሰበረው ካሶኒው ሞልቶ፣ ደጋግሞ ተነስቶ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ልጄ ጆሮውን ከብረቱ ላይ አንስቶ ከሳቀ በኋላ ነው። ኮኮናቱን እኛ ገዛን። አሁን በሠፈሩ መኪና የሚገዛ ሁሉ ጭኖ ሦስት ጊዜ ያነሳል። የሚገዛው ሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰው ይጫንበታል። የድሮዎቹ ሥርዓት ነው ይላሉ።

ሻልቪን ቀረ። ሻንጣውም ሥራ አገኘ፤ መፍቻዎቹን ሞልቶበት ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ኋላ አስቀምጦታል። አንዱ ጎማው ተሰብሯል፣ ሰማያዊነቱም በቅባት ሥር ጠፍቷል። ፕራኒል በስልክ፣ «ሻንጣው ጠቀመ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በየቀኑ ይጓዛል አልኩት።

እንግዲህ የምፈልገውን አገኘሁ፤ ስለዚህ አሁን የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ከድልድዩ ማዶ ጠጠር ሲያራግፍ የካሶኒው ድምፅ ኩሽናዬ ድረስ ይሰማል። ሲነሳ እጄን ከሊጡ ላይ አነሳለሁ። እስኪወርድ ድረስ አልተነፍስም። ካልጮኸ ወደ ሊጤ እመለሳለሁ።